ፊት ለፊቴ ብላ

ሐኪሙ «ለጥቂት ሳምንታት እህል የሚባል ነገር እንዳትቀምሺ» ሲላት የቀለደባት መሰላት። አንጀቷ ቆስሎ ሆዷን ይቆርጣታል፤ ሰውነቷም አልቋል። ቁስሉ እንዲያርፍ ጠዋትም ማታም ከዱቄት የሚበጠበጥ የሕክምና መጠጥ ብቻ ታዘዘላት። ገና ወጣት ሆና እንደ ሕፃን በጠርሙስ ልትኖር መሆኑን ስትሰማ እንባ እንኳ አልመጣላትም።

በዚያው ሰሞን፣ ልብስ በምትሰፋበት ሱቅ፣ የስፌት መኪናዋ ተበላሸ። ሊጠግን የመጣው ወጣት ጣቶቹ ዘይት የነካቸው፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ነበር። መርፌውን እያስተካከለ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ሁለቱም ቶሎ አቀረቀሩ።

«ምሳ ልጋብዝሽ?» አላት ሲጨርስ።

«አልችልም።»

በማግስቱ መኪናው ደህና እየሠራ ሳለ «እስቲ ልየው ብዬ ነው» ብሎ ተመለሰ። ደግሞ ጋበዛት፤ ደግሞ እምቢ አለችው። ፊቱ ጠቆረ።

«ካልፈለግሽኝ ንገሪኝና እግሬን ልሰብስብ።»

ጠርሙሷን ከመሳቢያው አውጥታ ጠጣች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምሳዬ።»

«ቁርስሽስ?»

«እሱም ይኸው ነው። እራቴም።»

መፍቻው ከእጁ ወደቀ። ሕመሟን ስታስረዳው አፉን ከፍቶ ሰማት።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በምሳ ሰዓት እየመጣ አጠገቧ ይቀመጥ ጀመር። ሲያወሩ ሆዷን ትረሳዋለች። ሕመሙም እያደር ለቀቃት፤ ጉንጯ ሞላ። የእሱ ግን ሟሸሸ። «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል።

አንድ ቀን ሳይመጣ ቀረ። አብሮት የሚሠራው ታላቅ ወንድሙ ደወለላት።

«ሥራ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀብኝ። የአንቺን ሕመም ከሰማ ጀምሮ ከወተት በቀር በአፉ የዞረ ነገር የለም። ‹እሷ ሳትበላ እኔ እንዴት ይወርድልኛል› ይላል።»

ጆሮዋን ማመን አቃታት። እየሮጠች ጥገና ቤቱ ስትደርስ ግድግዳ ተደግፎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ አገኘችው። አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ የምጠጣው መድኃኒት ነው» አለችው። «አንተ የጠጣኸው ጅልነት ነው።»

«ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው።»

«ብቻዬን ያደረገኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? እናቴ በር ዘግታ ነው የምትበላው። እኔ ስገባ ሳህን ይሸፈናል፣ ወሬ ይቋረጣል። ቤታችን ለቅሶ ቤት መስሏል። አንተ እንኳ ፊት ለፊቴ ብላ።»

ወንድሙ እንቁላል በዳቦ ገዝቶ መጣ። ወጣቱ እያፈረ ጎረሰ። እሷ ዓይኗን ሳትነቅል ሲያኝክ ታየው ነበር።

«ጨው አለው?»

«ትንሽ በዝቷል።»

ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንዲያ ስቃ አታውቅም።

ሳምንታቱ ሲያልቁ ሐኪም ቤት አብረው ሄዱ። ሐኪሙ ቁስሉ መዳኑን፣ በሽታው ግን ተኛ እንጂ እንዳልጠፋ ነገራቸው፤ ምግቡንም አንድ በአንድ፣ ሆዷን እያዳመጠች እንድትጀምር መከራት።

«ነገ ቢነሳብኝስ?» አለችው ኮሪደሩ ላይ። «ይሄ ይስማማኛል፣ ያ አይስማማኝም ስል ዕድሜህን ልትጨርስ ነው?»

«እናቴ ይሄን ብላ፣ ያን አትንካ እያለች ነው ያሳደገችኝ። ለምጄዋለሁ። አግቢኝ።»

ነርሶች በግራና በቀኝ ያልፋሉ። እዚህ ሕንፃ ውስጥ ብዙ የሚያስደነግጥ ነገር ሰምታለች፤ ይህን ግን ጨርሶ አልጠበቀችም።

«እሺ» አለችው።