የአያት ስም

«ጽዮን፣ እግርሽን አቁሚ! ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ እኮ» አለ አባቷ ሙሉነህ።

የት ይቆምላታል! ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ ጠባቧ ሳሎናቸው ውስጥ አባቷና አራት ጓደኞቹ ከብበዋታል። አምስቱ ተባብረው አንድ ስደተኛ ቤተሰብ ከካምፓላ ስፖንሰር ሊያደርጉ ነው፤ ፎርሙን በእንግሊዝኛ የምትሞላው ደግሞ እሷ ናት።

«ትናንት ትምህርት ቤት በዲቤት ክርክር አሸነፈች አሉ!» ብለው ጀመሩ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ጋሽ ካሳዬ። «ርእሱ ምን ነበር?»

«አገር ስደተኛን በዘሩ መርጦ ማስገባት አለበት ወይ የሚል። የለበትም አልኩ። ድሮ ቢሆን እኛንም ካናዳ በዘራችን ትመልሰን ነበር ብዬ።»

«ጎሽ የኔ ልጅ!»

ሁለት ፋይል ቀርቧል። ዘውዴ ከሚስቱ ጋር ሁለት ዓመት ጠብቋል። ደረጄ ከሦስት ልጆቹ ጋር ሰባት ዓመት። የደረጄ ትልቋ ልጅ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ልክ እንደ ጽዮን። ሁሉም በደረጄ ተስማምተው ነበር፣ ጋሽ ካሳዬ «ለመሆኑ የአያቱ ስም ማነው?» እስኪሉ ድረስ።

ጽዮን ከፋይሉ ላይ አነበበችላቸው። ምን ታውቃለች? ሰዎቹ ግን ተያዩ። አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ። የደረጄ ፋይል ከዘውዴ ፋይል ሥር ገባ።

«ዘውዴን ብናስቀድምስ?» አሉ ጋሽ ካሳዬ። «ያው የኛ ሰው ይሻላል ብዬ ነው።»

ያኔ ገባት። ስሙን ያነበበችው እሷ ናት! ፊቷ ጋለ።

«ሲሪየስሊ? ጋሽ ካሳዬ፣ አሁን ጎሽ አላሉኝም እንዴ?»

«ያ የመንግሥት ሕግ ነው ልጄ፤ ይሄ አንድ ቤተሰብ ነው። እኔ ሱዳን አራት ዓመት ስጠብቅ ማን ፈለገኝ? የኛን ሰው እኛ ካልፈለግነው ማን ይፈልገዋል?» ድምፃቸው ተሰበረ።

ትናንት ጽዮንን የተከራከረቻት ልጅ እንዲህ ብትላት ኖሮ ማሸነፏን እንጃ። ቢሆንም የደረጄ የትልቋ ልጅ ፎቶ ከፋይሉ ጠርዝ ብቅ ብሎ ይታያታል።

የፎርሙ የመጨረሻ ጥያቄ «ይህን ቤተሰብ ለምን መረጣችሁ?» ይላል።

«ብዙ ስለጠበቁ በዪ» አላት አባቷ።

«ብዙ የጠበቀው ደረጄ ነው።»

«በቃ ጻፊው፤ ማን ያጣራል?» ሲል ግን አላያትም።

ጻፈች። ከዚያ የጻፈችውን በአማርኛ አነበበችላቸው፦ «‹የመረጥናቸው የአያታቸውን ስም ስለወደድነው ነው።› ሰብሚት ላድርገው፣ ልላከው?»

ጋሽ ካሳዬ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ይጠርጉ ጀመር።

«ሰርዢው» አለ አባቷ ቀስ ብሎ።

ሰረዘችው። «ምን ልጻፍ?»

«አልኩሽ እኮ።»

«እሱን አንተ ጻፈው አባዬ» አለችና ላፕቶፑን ወደ እሱ ገፋችው።