ያልደመቀው ሂና

የአንለይን ሬሳ ያገኘው ጁምዓ ነበር፤ የጁምዓም መከራ ከዚያች ደቂቃ ጀመረ።

ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለው የመስኖ ግድብ እሁድ ጠዋት የትራያትሎን ውድድር ነበር፤ መጀመሪያ ዋና፣ ቀጥሎ ብስክሌት፣ መጨረሻ ሩጫ። ተወዳዳሪዎቹ አስተማሪና ነጋዴ፣ ለጤናም ለወሬም የሚሮጡ ሰዎች ናቸው። ዝናቡ ሲወርድ አድሯል፤ ጭጋጉ ውሃው ላይ ተኝቷል። ልብ ያለው ሰው ቀኑን ያስተላልፈው ነበር። እነሱ ግን ዋኝተው ወጡና ብስክሌታቸውን ይዘው ወደ ባምባሲ መንገድ ነጎዱ። ከመካከላቸው አንለይ ብቻ ጠፋ። በጀልባ ዋናተኞቹን ሲጠብቅ የነበረው ጁምዓ ፈልጎ ፈልጎ ዋናተኞች ወደ ውሃው በሚዘሉበት የቀርከሃ መወጣጫ ሥር፣ ምሰሶዎቹ መሃል ተቀርቅሮ አገኘው። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈንክቷል።

ኢንስፔክተር አስረሳሽ ጭቃው ጫማዋን እየጎተተባት ስትደርስ፣ ምክትሏ ሳጅን ይገረም ሽማግሌውን በካቴና አስሮት ጠበቃት።

«በጭጋጉ በጀልባው መትቶታል፤ ከዚያ ደብቆታል» አለ ይገረም። «ነገ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ።»

«አንተ እኮ እንጀራህ ሳይጋገር ትቆርሳለህ» አለችውና ወደ ጁምዓ ዞረች። «ጋሽ ጁምዓ፣ እስኪ ይንገሩኝ።»

«ልጄ፣ አንለይ ዛሬ ውሃ አልገባም። እኔ ያውቃል።»

«እንዴት አወቁ?»

«አንለይ ክርስቲያን ነው። ግን ሁልጊዜ ‹አሰላሙ አለይኩም፣ ጁምዓ› ይላል፣ ከዚያ ይዘላል። ዛሬ ማንም አላለኝም።»

ይገረም ሳቀ። አስረሳሽ አልሳቀችም፤ ሬሳው አጠገብ ተቀመጠች። ክንዱ ላይ የውድድር ቁጥሩ በሂና ተጽፏል፤ ቀለም በዝናብ ይለቃል ተብሎ ነው። ቁጥሩ ፈዝዟል፤ መሃሉም በጣት የተጠረገ ይመስላል።

ከሰዓት በኋላ ለውድድሩ በተጣለው ዳስ ሥር ሰዎቹን አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። የመጀመሪያዋ አዘጋጇ ኢንቲሳር ነበረች፤ የስፖርት አስተማሪ ናት፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ሂናውን መቼ ቀባሽለት?»

«ትናንት፣ ፀሐይ ስትገባ፣ እዚሁ። የእሱ የመጨረሻ ነበር። ‹ሳትነካው አሳድረው› አልኩት። ሰው እጠብቃለሁ ብሎ ቀረ።»

«ማንን?»

«ስሙን አልነገረኝም። ‹ነገ ከመወዳደሩ በፊት ለሁላችሁም የሚናገረው ነገር አለው› አለኝ።»

«ዛሬ ጠዋት አንለይን በዓይንሽ አይተሽዋል?»

ኢንቲሳር አመነታች። «ስም ስጠራ ‹አቤት› ብሏል። ጭጋግ ነው፤ ሁሉም የዝናብ ልብስ ተከናንቧል። ፊት ማን ያያል?»

ቀጥሎ ከባምባሲ የመጣው ነጋዴ ዲንሳ ገባ፤ ባለፈው ዓመት ሁለተኛ የወጣው ነው።

«አንለይን ባለፈው ሳምንት ‹አንቅሃለሁ› ብለኸዋል አሉ።»

«ብያለሁ! ብስክሌቴን ተውሶ ሰበረብኛ። አቦ፣ ለብስክሌት ሰው ይገደላል?»

«ዛሬ መንገድ ላይ የወደቀ አየህ?»

«ማንንም አላየሁም። ከኤልያብ ኋላ ኋላ ነበር የምነዳው፤ ጭቃውን ሁሉ ያጠጣኝ እሱ ነው።»

የመጨረሻው ራሱ ኤልያብ ነው። ያምናው አሸናፊ፤ በዚያ ድል ስሙ ገንኖ የመሥሪያ ቤቱ የስፖርት ኃላፊ ሆኗል። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ከብስክሌት ወድቄ።»

«አንለይን ጠዋት አይተኸዋል?»

«አጠገቤ ነበር እንጂ! ‹አቤት› ሲል ሰምቻለሁ። ምስኪን፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።»

አስረሳሽ አመስግና ሸኘችው። ሌሊቱን ግን የጁምዓ ካቴና እንቅልፍ ነሳት።

ሰኞ ጠዋት፣ ሽማግሌው ወደ ፍርድ ቤት ከመወሰዱ በፊት፣ ሁሉንም ቢሮዋ ሰበሰበች።

«እጅጌያችሁን ሰብስቡ» አለች። በየክንዱ ያለው ቁጥር ጠቁሮ ታየ። «ኢንቲሳር ለጓደኛዬ ሠርግ እኔንም ቀብታኛለች፤ ስለዚህ አውቀዋለሁ። ሂና ካደረ ይጠቁራል፤ ሳይደርቅ ከታጠበ ይፈዛል። የእናንተ አድሯል። የአንለይ ግን ገና እርጥብ ሳለ ውሃ ገብቷል። ስለዚህ እሁድ ጠዋት በጀልባ ተመትቶ አልሞተም፤ የሞተው ቅዳሜ ምሽት ነው።»

«ቤቱ ሄዶ ታጥቦት ቢሆንስ?» አለ ይገረም።

«ቢታጠበው ኖሮ እኩል ይፈዝ ነበር። ይህ ግን በጣት ተጠርጓል። አንድ ሰው ክንዱን ጨብጦታል፤ ሂናውም ወደ ጨባጩ መዳፍ ተሻግሯል።»

«ሞቶ ያደረ ሰው ደግሞ ‹አቤት› አይልም። ታዲያ ማን አለለት? ‹አጠገቤ ነበር› ብሎ የነገረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያው ሰው ከብስክሌት ወድቄ ነው አለኝ፤ ከኋላው የነበረው ዲንሳ ግን ማንም ሲወድቅ አላየም። ኤልያብ፣ ፋሻውን ፍታው።»

ኤልያብ አልተንቀሳቀሰም። ይገረም ፈታው። ጭረት እንኳ የለበትም፤ መዳፉ መሃል ግን ቀይ ቡናማ ሂና ደምቋል።

«ታጥቤው ነበር» አለ ኤልያብ በቀስታ። «ማታ ምንም አልነበረም።»

«አገሩን ሳታውቅ አሥር ዓመት ኖርክበት!» አለች ኢንቲሳር። «ሂና መዳፍ ላይ ቶሎ ይይዛል፤ ታጥቦም ሲነጋ ነው የሚወጣው። እዚህ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ» አለች አስረሳሽ። «አንለይ ምን ጠየቀህ?»

ኤልያብ ዲንሳን ማየት አቃተው። «አምና ሩጫውን በጭጋጉ ተከልዬ ግማሹን በባጃጅ ነው የሄድኩት። ‹ራስህ ተናገር፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› አለኝ። ክንዱን ይዤ ለመንኩት፤ እምቢ ሲል ገፋሁት። ጭንቅላቱ ከመወጣጫው ጠርዝ ጋር ተጋጨና ውሃው ውስጥ ወደቀ። ልገድለው አልነበረም።»

«መግፋቱን ሳታስበው አድርገኸው ይሆናል» አለች። «‹አቤት› ያልከው ግን አስበህ ነው። እኚህ ሽማግሌ ሲታሰሩም ቆመህ አይተሃል።»

የጁምዓን ካቴና ራሷ ፈታች። ይቅርታ ስትጠይቀው አንገቱን ነቀነቀና፣ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ግድቡ እንድታደርሰው ለመናት።

ካፊያው አላባራም። ጁምዓ መወጣጫው ላይ ቆሞ ቁልቁል ምሰሶዎቹን አየ።

«እሁድ፣ ጀልባ ሳይገባ፣ እዚህ ነበር የቆመው፣ እኔ» አለ። «ሰላምታውን ይጠብቃል። እሱ ከእግሬ ሥር ነበር።»

አስረሳሽ እንባዋን መያዝ አልቻለችም። ሽማግሌው ቆቡን አውልቆ ወደ ውሃው ጎንበስ አለ።

«ወአለይኩም ሰላም፣ አንለይ» አለ።