የተቀየረው ሽንት

«ቶሎ በይ፣ ሰው ሳይመጣ!» አለች አልጣሽ፣ ባዶዋን የሽንት ዕቃ በመጸዳጃ ቤቱ በር እያሾለከች።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ሶልያና ዕቃዋን ይዛ ቆመች። ታላቅ እህቷ አልጣሽ የስምንት ወር እርጉዝ ናት። ራስ ምታቱ አልለቅ ቢላት ሶልያና ናት ደባርቅ ሐኪም ቤት ይዛት የመጣችው። የአልጣሽን ደም ግፊት ለክታ ስትጨርስ የአዋላጇ ፊት ተለዋወጠ።

«ሽንትሽ ውስጥ ፕሮቲን ከተገኘ ዛሬውኑ ጎንደር ትሄጃለሽ» አለቻት።

አልጣሽ ደግሞ ጎንደር ሲባል ትርዳለች። ካቻምና የበኩር ልጇን እዚያ ወልዳ፣ ባዶ እጇን ነው የተመለሰችው።

«ፕሊስ፣ የኔ እናት፣ ያንቺን ስጪኝ። ምን ይጎድልብሻል?»

እንባዋን ስታይ ሶልያና እምቢ ማለት አቃታት።

የላቦራቶሪ ባለሙያው ምስክር ስትሪፕ የምትባለውን ቀጭን የመመርመሪያ ወረቀት ሽንቱ ውስጥ ነክሮ አወጣና፣ ብልቃጡ ላይ ካሉት ቀለሞች ጋር አስተያያት። ቢጫ እንደሆነች ቀረች።

«ፕሮቲን የለም» አለ።

«ቢኖር ኖሮስ?» ጠየቀች ሶልያና።

«አረንጓዴ ትሆን ነበር። ከግፊት ጋር ሲመጣ ክፉ ነው። ድንገት አንዘፍዝፎ እናትንም ልጅንም ይወስዳል።»

አልጣሽ ፈገግ ብላ ወጣች። ደጅ ስትደርስ ግን ግድግዳውን ተደገፈች። «ዓይኔን ብዥ አለኝ። ባጃጅ ጥሪልኝ፣ ቤት እንሂድ።»

ባጃጁ መጣ። ሶልያና እህቷን ደግፋ አስገባቻትና እሷ ሳትገባ ቀረች።

«ግቢ እንጂ!» አለች አልጣሽ።

ሶልያና ፊቷን አዙራ ወደ ላቦራቶሪው ሮጠች።

«ዶክተር፣ ያ ሽንት የኔ ነው።»

አልጣሽን ከባጃጁ አስወርደው ሽንት አሰጧት። ሁለተኛዋ ስትሪፕ ከእሷ ሽንት ስትወጣ ጥቁር አረንጓዴ ሆነች። ምስክር አዋላጇን ሊጠራ ሮጦ ወጣ።

ጎንደር የሚወስዳት አምቡላንስ በር ላይ አንዲት ነርስ፣ «አብሯት የሚሄድ ማነው?» ብላ ጠየቀች።

«ማንም የለም» አለች አልጣሽ ከቃሬዛው ላይ። ከዚያ ወደ ሶልያና ዞራ፣ «ይሄም ልጅ ከሞተ የገደልሽው አንቺ ነሽ» አለቻት።

ልጁ ይተርፋል ብሎ ለሶልያና የነገራት ሰው አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አለች ለነርሷ፣ ገብታም ተቀመጠች።

ዳባት ከተማን ሲያልፉም አልጣሽ ፊቷን ወደ እህቷ አልመለሰችም። መኪናው ሲንገጫገጭ ሶልያና ትከሻዋን ያዘቻት። አልጣሽ እጇን ገፋችው።

ሶልያና እንደገና ያዘቻት።