የሞጣ አይጦችና የተሰቀለው አገልግል

ዛር፣ ጥላ ወጊ፣ መናፍስት ሲባል ወሬውን አቋርጬ የምነሳ ሰው ነበርኩ፣ ዛሬም የሰው ተረት አልደግምላችሁም፣ የማወራችሁ በገዛ ቤቴ በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ነው። ዘመኑ የጃንሆይ መጨረሻ ገደማ ነው፣ እኔ የድሬዳዋ ልጅ፣ ገና ከትምህርት ቤት የወጣሁ ሳኒቴሪያን፣ የአካባቢ ጤና ሠራተኛ ማለት ነው፣ ሞጣ ተመደብኩ፣ ሥራዬም ቤት ለቤት እየዞርኩ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ፣ ስለ ዝንብና ስለ አይጥ ማስተማር ነበር። ቀን ቀን "ዓይነ ምድሯ የጥቁር አዝሙድ ያህል ከሆነ ትንሿ የቤት አይጥ ናት፣ ባቄላ ካከለ ትልቁ ነው፣ ለትንሿ እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ይበቃታል፣ ወጥመዱንም ግድግዳ ሥር አኑሩት፣ ግድግዳ ታክካ ነው የምትሄደው" እያልኩ እሰብካለሁ፣ ቤቴ ስገባ ደግሞ አይጥ በአናቴ ላይ ይጋልባል።

ያከራዩኝ እትዬ ይታይሽ ይባላሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ደግ ሴት ናቸው፣ እዚያው ግቢ ከጎኔ ይኖራሉ። ቤቱ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳንና የአቡጀዲ ኮርኒስ አለው፣ አይጦቹ አመሻሽ ላይ ከበሩ በኩል ተነስተው በአቡጀዲው ላይ እየሮጡ አልጋዬ አናት ድረስ ይመጣሉ። ልብ በሉ፣ ይመጣሉ እንጂ አይመለሱም። መጀመሪያ አላስተዋልኩትም ነበር፣ እየሰነበትኩ ስሰማው ግን ኮቴው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው፣ ታዲያ የት ነው የሚጠራቀሙት? አንድ እሑድ ብሽቅ ብዬ አቡጀዲውን በምላጭ ቀድጄ አየሁ፣ እመኑኝ፣ አንዲት ፍሬ ዓይነ ምድር የለም፣ አቧራው እንኳ አልተነካም።

ንዴቴን እንግዲህ አስቡት። ቀዳዳውን ሁሉ በጭቃና በጠርሙስ ስባሪ ደፈንኩ፣ ወጥመዶቼ ጠረቅ ጠረቅ ይላሉ፣ ሳያቸው ባዶ ናቸው፣ ከጎረቤት የተዋስኩት ድመት አንድ ቀን ውሎ ከዚያ ወዲያ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ አልገባም አለ፣ የሥራ ባልደረቦቼም "የአይጥ ሹም እንዴት ዋለ?" እያሉ ይስቁብኛል። ዱካ ለማየት ወለሉ ላይ አመድ ነፋሁ፣ ዱካው ከግድግዳ ተነስቶ መሐል ቤት ይመጣና ምግቤን ካኖርኩበት ከተሰቀለው አገልግል ሥር ያበቃል፣ መመለሻ የለውም።

ለእትዬ ይታይሽ ነገርኳቸው።

"ተዋቸው ልጄ" አሉኝ። "ለሞቷ የድመት አፍንጫ የምታሸት አይጥ ሞልታለች፣ የዚህ ቤቶቹ ግን እንደዚያ አይደሉም።"

"እትዬ፣ የራሴን ቤት አይጥ ትቼ የማንን ቤት ላስተምር?"

"መርዝ ልታኖር ነው?"

"አዎ።"

"አንተ ታውቃለህ። እነሱም የሚበሉትን ያውቃሉ።"

ጥር ላይ እሳቸው ለንግሥ ወደ መርጡለ ማርያም ሊሄዱ ተነሱ፣ እኔም ለአራት ቀን ሥራ ቢቸና ተላክሁ። ስመለስ እንዳይርበኝ ብለው በቅቤ የለወሱትን በሶ አድቦልቡለው፣ እንደ ልማዳቸው እያንዳንዱን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ሰጡኝ። አገልግሉ ውስጥ ከተትኩት፣ ክዳኑን በጠፍር አጥብቄ አሰርኩና በሽቦ ከወራጁ ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ሌላ በሶ ወስጄ ነጭ ሽንኩርት ሽንኩርት በሚሸተው ጥቁር የአይጥ መርዝ ለወስኩ፣ ድብልብል አድርጌ በግድግዳው ሥር ደረደርኩ፣ ወደ በሩ እያፈገፈግሁ አመዱን ነፋሁና ቆለፍኩ። ቁልፉ አንድ ነው፣ እሱም ከኪሴ አልወጣም።

በአራተኛው ቀን የቢቸና የጭነት መኪና ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጣለኝ። በሩን ስከፍት አመዱ እንደነፋሁት ልስልስ ብሎ ተኝቷል፣ አንዲት ዱካ የለችበትም፣ በሶውም በየግድግዳው ሥር እንዳለ ነው። ልፋቴ ሁሉ ከንቱ ሆነ ብዬ እየተነጫነጭኩ አገልግሉን አወረድኩ፣ እኔው ራሴ የቋጠርኩትን ጠፍር ፈታሁ፣ አንዱን አነሳሁና ዓይኔን ከአመዱ ሳልነቅል ወደ አፌ አደረስኩ። ከንፈሬ ላይ ሲደርስ ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ።

ወደ መስኮቱ ይዤው ሄድኩ፣ ጥቁር ነው። በአገልግሉ ያለው ሁሉ ጥቁር ነው። ግድግዳው ሥር ተንበረከክሁ፣ እዚያ ያለው በሶ በቅቤ የወዛ ነው፣ የእትዬ ይታይሽ አውራ ጣት ታትሞበታል። አልጋዬ ላይ ዘጭ አልኩ፣ ያን ጊዜ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አቡጀዲው ላይ ኮቴ ተነሳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ወደ በሩ፣ ብዙ ነው፣ ቶሎም አላለቀም።

በማግስቱ እትዬ ይታይሽ ሲመጡ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ስንት ነበር የለወስከው?" አሉ።

"ዘጠኝ።"

"ከአገልግሉ ያወጣኸውስ?"

ማታውኑ ከአገልግሉ አውጥቼ ደጅ በጣሳ ከድኜው ነበር፣ ገና ያኔ ወጥቼ ቆጠርኩ። ስምንት ነው። አልጋውን አነሳን፣ ሣጥኑን ገለበጥን፣ ዘጠነኛው የለም። እትዬ ይታይሽ ነጠላቸውን አጣፉና "ጎረቤት ልጆች አሉ፣ አንተም ስትበላ ተጠንቀቅ" ብለውኝ ወጡ።

ቤቱን በሳምንቱ ለቀቅሁ። እንግዲህ ስንት ዓመት አለፈ፣ እስከ ዛሬ በእጄ ያልፈረፈርኩትን አልጎርስም፣ ባለቤቴ ስታጎርሰኝ እንኳ ሳላሸት አፌን አልከፍትም፣ በዚህ ትቀየመኛለች፣ ምን ብዬ ልንገራት?