የላላው ካቴና

«ጥፋቱ የኔ ነው። ቁልቁለቱን በብስክሌቱ በፍጥነት ወረድኩት» አለች ቢሊሴ፣ በጄሶ የታሰረ ክንዷን ደረቷ ላይ አቅፋ።

ጓደኛዋ ሆሳዕና አጠገቧ፣ የእነቢሊሴ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ መሬት መሬቱን ታያለች። የብስክሌቱ ባለቤት የቢሊሴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ቀጀላ ነው። ቤታቸው ከመቱ ከተማ ወጣ ብሎ በዳሪሙ መንገድ ላይ ስለሆነ፣ እህቱ ትምህርት ቤት እንዳይረፍድባት ብሎ ነበር የሚሰጣት።

«ከእንግዲህ በእግርሽ ነው» አላት።

«እሺ።»

ቢሊሴ አለመከራከሯ ሆሳዕናን ይበልጥ አንገበገባት።

ከትናንት በስቲያ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ካቴናው ሁለቴ ወለቀ። ብስክሌቱ ማርሽ የለውም። ካቴናው ሲላላ የኋላው ጎማ ዳዶዎች ተፈትተው ጎማው ወደ ኋላ መሳብ አለበት። ቢሊሴ «ጋራዥ እንውሰደው» ስትል የክፍላቸው ልጆች ቆመው ያዩ ነበር።

«ለዚች ደግሞ ጋራዥ? እኔ አለሁ አይደል» አለች ሆሳዕና።

አጎቷ ሲሠራ ብዙ ጊዜ አይታለች። ከትምህርት ቤቱ ጥበቃ የዳዶ መፍቻ ቁልፍ ተውሳ ዳዶዎቹን ፈታች፣ ጎማውን ሳበች፣ የቀኙን አጠበቀች። የግራው ላይ ቁልፉ እየተንሸራተተ አስቸገራት። ጎማው ወደ አንድ በኩል ዘመመ። ካቴናውን በጣቷ ስትጫነው ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ሰመጠ። ከግማሽ ጣት በላይ መስመጥ እንደሌለበት ታውቃለች። እንደገና መፍታት ነበረባት። ግን ዝናቡ መጣ፤ ልጆቹም መሳቅ ጀመሩ።

«ያዘልሽ?» አለች ቢሊሴ።

«አሪፍ አድርጌ ወጥሬዋለሁ። ዘና ብለሽ ንጂው።»

የዚያ ብስክሌት ፍሬን ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ ነው የሚይዘው። በማግስቱ ጠዋት ቁልቁለቱ መሃል ካቴናው ሲወልቅ ቢሊሴ ወደ ኋላ ረገጠች፤ ፔዳሉ ዝም ብሎ ዞረ። ከቦዩ ድንጋይ ጋር ተላተመች።

ጋሽ ቀጀላ አሁን ብስክሌቱን ገልብጦ የኋላውን ጎማ በእጁ እያዞረ ነው።

«ዘሟል» አለ። «ድንጋዩ ነው ያጣመመው።» ቀና ብሎ ሆሳዕናን አያት። «ለካ አንቺ ጠግነሽላት ነበር፤ ነግራኛለች። ገለቶሚ። እሷ ናት ያላወቀችበት።»

ምስጋናው ፊቷን በጥፊ የመታት ያህል አቃጠላት። ዝም ብትል ነገሩ እዚሁ ያልቃል። ድንጋዩም ቢሊሴም ጥፋቱን ተቀብለውላታል።

«ብርድ ብርድ አለኝ፤ ልግባ» ብላ ቢሊሴ ተነሳች።

ሆሳዕና ከጋሽ ቀጀላ ጋር ብቻዋን ልትቀር ነው። ለእሱ ብቻ ብትነግረው ይቀላል፤ ምናልባት ለእህቱ ላይነግራት ይችላል። ቢሊሴ በጤነኛው እጇ የበሩን መጋረጃ ገለጥ ስታደርግ አየቻት። ጄሶው እየከበዳት ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብላለች።

«ቢሊሴ» አለች ሆሳዕና። ከአግዳሚው ተነሳች። «አትግቢ። ለጋሽ ቀጀላ የምነግረው ነገር አለ፤ አንቺም ብትሰሚው ነው የምፈልገው።»