ስምንቱ የሽኝት ወረቀቶች

«ለእኔም አንድ ጻፊልኝ፤ ብቻ የሚያስለቅስ ይሁን» አለ የኋላሸት፣ ባዶ ወረቀት እየዘረጋላት።

ሔዋን ተቀበለችው። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ሰብሳቢ እሱ ነው፤ እምቢ ማለት ደግሞ አልለመደባትም። ሰባቱ አባላት ቀድመው አስጽፈዋታል፤ የእሱ ስምንተኛ ነው።

የሚሸኘው አንተነህ ነበር። እሷ የጻፈችውን ዜና በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ ሁለት ዓመት በማይክ ያነበበው እሱ ነው። እናቱ ወደ ሮብ ገበያ ከተማ ስለተዛወሩ ነገ ይሄዳል። በክበቡ ልማድ፣ ተሸኚው የመጨረሻ ዜናውን ሲጨርስ አባላቱ የጻፉለት መልእክት በማይክ ይነበብለታል፤ ወረቀቶቹም ለእሱ ይሰጣሉ።

ሔዋን የየኋላሸትን ጨርሳ የራሷን አወጣች። «አንተነህ» ብላ ጻፈችና እጇ ቆመ። መብራት ሲጠፋ ጮሆ ያነበበበትን ቀን በአባሉ በአበባው ወረቀት ላይ አስፍራዋለች። በሳቅ ያቋረጠውን የስፖርት ዜና በወለተ ሥላሴ። ለራሷ ምንም አልቀራትም።

ከዚያ የባሰው ታያት። አንተነህ አጻጻፏን ከማንም በላይ ያውቃል። ሮብ ገበያ ገብቶ ወረቀቶቹን ሲዘረጋቸው፣ ከስምንት ጓደኞቹ አንዱም እንዳልጻፈለት ይገባዋል።

ስምንቱንም ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ሁላችሁም ራሳችሁ ጻፉ» አለች አባላቱን።

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?» አለ የኋላሸት። «ሰልፉ ሊጀመር እኮ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው። እኔ ምን ብዬ ነው የምጽፈው?»

«እሱ ሲያነብ አንተ ምን ታደርግ ነበር?»

«የማይኩን ገመድ ይዤ እቆማለሁ። ካልተያዘ ድምፁ ይቆራረጣል።»

«እሱን ጻፍ።»

የኋላሸት ራሱን አከከ። «ሁለት መስመር ብቻ ቢሆንስ?»

«ይበቃል።»

«ማንስ ያነበዋል? አንባቢያችን እኮ ራሱ ተሸኚው ነው።»

ሔዋን አንድም ቀን ማይክ ይዛ አታውቅም።

በሰልፉ ላይ አንተነህ የመጨረሻ ዜናውን ጨርሶ ፈቀቅ አለ። አባላቱ እርስ በርስ ተያዩ። የአንዳንዶቹ ወረቀት ላይ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ተማሪው ማጉረምረም ጀመረ።

ሔዋን የስምንቱን ወረቀቶች ሰብስባ፣ የአንተነህ ስም ብቻ የተጻፈበትን የራሷን ከላይ አድርጋ ወጣች። የኋላሸት ጎንበስ ብሎ ገመዱን ያዘ።

የማይኩ መቆሚያ በአንተነህ ቁመት ልክ ነበር። ብሎኑን ፈታችና እስከ አፏ ዝቅ አድርጋ መልሳ አጠበቀችው።