የአጋሙ ጫፍ

ሰኔ ፫ ቀን፣ ከጧቱ በአንድ ሰዓት፣ የክተት አዋጅ በተነገረ በማግስቱ፣ ኮርቻ ሰፊው በግቢው ጥግ ጉድጓድ ይቆፍር ነበር። የፈረሰኛው ጦር አዛዥ ኮርቻ የሚጠግን ሁሉ እንዲዘምት አዝዘው ስለነበር እስከ ቀትር ከጦሩ መቀላቀል ነበረበት፤ እሱ ግን ጎሕ ሳይቀድ ጋራው ላይ ወጥቶ አንድ የአጋም ችግኝ ከነአፈሩ ነቅሎ፣ ሥሩን በቁራጭ ቆዳ ጠቅልሎ መጥቷል። ሚስቱ፣ ልብስ ሰፊዋ አክስቴ፣ አጋም ስትወድ ለጉድ ነው፤ በፍሬው ሰሞን ጣቷ ጠቁሮ የሰው ነጭ ልብስ መንካት ያቅታት ነበር።

አፈሩን በእግሩ ጠቀጠቀና፣ «ይኼ ሳያፈራ እመጣለሁ» አላቸው፤ ለሚስቱም ለእናቱም።

ሁለቱ ሴቶች በአንዲት ክፍል ቀሩ። አክስቴ የወታደር ሸሚዝ ትሰፋለች፤ አማቷ ቁልፍ ይተክላሉ። አጋሙም አደገ፤ እሾሁ ጠነከረ። አክስቴ ባሏ ሲመጣ አምሮ እንዲያገኘው ብላ፣ በትልቁ የጨርቅ መቀሷ ዙሪያውን እየከረከመች እንደ ኮሌታ አስተካከለችው። ጎረቤቶቿ ለቁጥቋጦም ልክ ወሰድሽለት ወይ እያሉ ይስቁባት ነበር።

በአራተኛው ዓመት አጋሙ መስኮቱ ላይ ደረሰ፤ አበባ ግን የለም። አማቷ ሰግተው የከተማውን ሹም አትክልተኛ ለምነው አመጡ። ሰውየው ቅርንጫፉን አገላብጦ አየና፣ አጋም የሚያብበው በለጋው ቀንበጥ ጫፍ ላይ መሆኑን፣ አበባውንም የበላው መቀሱ መሆኑን ነገራቸው፤ ለአንድ ክረምት ብቻ ተዉት ብሎ ሄደ።

አማቷ ደስታቸውን አልቻሉትም፤ ለእርሳቸው ፍሬው ሲቀላ ልጃቸው በበሩ ይገባል። በዚያው ሰሞን ግን ፈረሰኛው ጦር ከወንዙ ማዶ ተመትቶ መበተኑ ተሰማ፤ የኮርቻ ሰፊዎቹን ነገር የሚያውቅ አልተገኘም።

ዝናቡ ጀመረ፤ ቀንበጡ እንቡጥ ያዘ። አንድ ቀን ጧት አማቷ ወደ ግቢው ብቅ ሲሉ አክስቴ መቀሷን ይዛ ጎንበስ ብላለች፤ የተቆረጠው ጫፍ ነጭ ወተቱን እያፈሰሰ እግሯ ሥር ወድቋል።

«ምን እየሠራሽ ነው? ሰውየው ተዪው አላለሽም?»

«ብሎኛል፣ እማማ።»

«ታዲያ ልጄ እንዳይመጣ ነው የምትፈልጊው?»

አክስቴ ቀና አላለችም። «አፍርቶ ባይመጣስ፣ እማማ? ያን ጊዜ ምን እንላለን?»

 አሮጊቷ ወደ ቤት ገቡ፤ አክስቴ አኩርፈው የተኙ መስሏት ነበር። ሲመለሱ ግን የቁልፍ ክር የሚቆርጡባትን ትንሿን መቀስ ይዘዋል።

«በግድግዳው በኩል ያለው አምልጦሻል» አሉና እጃቸውን በእሾሁ መሀል ሰደዱ።

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች የአዛዡን ስም፣ የወንዙን ውጊያ፣ የወደቁትን መኮንኖች ማዕረግ ከነትውልዳቸው አስፍረዋል፤ ኮርቻ ሰፊዎቹ ከጠፋው ጓዝ ጋር ተቆጥረዋል። አማቷ ሰላም በተፈረመ በዓመቱ አረፉ። አክስቴ ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ፣ ዝናብ በጀመረ ቁጥር አጋሙን ብቻዋን ትቆርጥ ነበር።